የጂንስና የሸራ ማሽን በዋት አይመረጥም

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ ሱቄ መጣች። ዕቁብ ወጥቶላታል። የሸራ ቦርሳና የጂንስ ሽርጥ እየሰፋሁ ልሽጥ ብላ ተነስታለች። ስልኳን አወጣችና አንድ ጽሑፍ አሳየችኝ። ለጂንስና ለሸራ ምን ዓይነት የስፌት ማሽን እንግዛ ለሚሉ ሰዎች የተጻፈ ምክር ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ያለውን ልግዛ?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። «ትንሽ ታገሺኝ፣ ገንዘቡን እንዳታወጪ» አልኳት። ለእሷ በቃል የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው፤ ያንን ጽሑፍ ያነበበችው እሷ ብቻ አትመስለኝም።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህንን ነው። «ሄቪ ዲዩቲ» የሚል የተጻፈበት የቤት ማሽን ለጂንስም ለሸራም ይበቃል። ስትገዙ ዋቱን እዩ፣ ከ90 በላይ ከሆነ ጂንስ አያቅተውም። መርፌና ክር ካወፈራችሁ የቀረው በራሱ ይስተካከላል። በእግር የሚረገጠው የድሮ ሲንጀር ጊዜው አልፎበታል። የፋብሪካ ማሽን ለጀማሪ አይሆንም፣ ይፈጥናል፣ መብራት ይበላል። በመጨረሻም፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ በሚሰጣችሁ ቁራጭ ጨርቅ ሞክሩ።

ጸሐፊውን አላውቀውም። ሰው ለመጥቀም ብሎ እንደጻፈው ግን ያስታውቃል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ምክር የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ ያጠራቀማትን ይዞ የተነሳ ጀማሪ ነው፤ አንዴ ከተሳሳተ ሁለተኛ ማሽን የሚገዛበት የለውም። ጂንስና ሸራ ስሰፋ 17 ዓመቴ ነው። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ሄቪ ዲዩቲ ካለ አትፍሩ»

ከዚሁ እንጀምር። ሄቪ ዲዩቲ ማለት ከባድ ሥራ የሚችል ማለት ነው። ግን ይህን ቃል ማሽኑ ላይ ለመለጠፍ የሚጠየቅ ፈተና የለም። ስንት ደርብ ጂንስ የሰፋ ማሽን ነው ይህን ስም የሚያገኘው? በስንት ሰዓት ሥራ? የተወሰነ መለኪያ የለም። አምራቹ ከራሱ ቀለል ያሉ ማሽኖች ጋር አስተያይቶ የሚሰጠው ስም ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀውን ሲንጀር 4423ን እንውሰድ። ሄቪ ዲዩቲ ተብሎ የሚሸጥ የቤት ማሽን ነው። ውስጡ የብረት አጽም አለው፣ በደቂቃ 1100 ስፌት ይመታል። መጥፎ ማሽን አይደለም። ሱሪ ለማሳጠር፣ ለሽርጥ፣ ለመጋረጃ፣ ሳሳ ላለ የሸራ ዘንቢል ይሆናል። ጠዋት ከፍታችሁ ማታ የምትዘጉበት፣ በየቀኑ አራትና አምስት ደርብ ሸራ የምታሳልፉበት የሥራ ማሽን ግን አይደለም። ደግሞ 1100 ስፌት ማለት የፍጥነት ቁጥር ነው፣ የጉልበት አይደለም። ፈጣን ሯጭ ሁሉ ኩንታል አይሸከምም።

ሥራ ስጀምር የገዛሁት ማሽን ሳጥኑ ላይ ጂንስ ሲሰፋ የሚያሳይ ሥዕል ነበረው። የማን ምርት እንደሆነ እዚህ ምንም አይጠቅምም። ሦስት ወር በደንብ ሠራልኝ። ከዚያ 40 የሸራ ቦርሳ ታዘዝኩ። 11ኛው ቦርሳ ላይ፣ ማንጠልጠያው ከአፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስደርስ፣ ከውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ የሥሩን ክር ግን አያነሳም። መካኒኩ ከፍቶ አሳየኝ። ከሥር የሚዞረውን መንጠቆ ከላይኛው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው የፕላስቲክ ጥርስ ተሰንጥቋል። መለዋወጫ ብንፈልግ ብንፈልግ ጠፋ። የቀሩትን ቦርሳዎች ለሌላ ሰፊ ሰጥቼ አስጨረስኩ፣ ትርፉም አብሮ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሽን ልግዛ ለሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምለው አንድ ነው፤ የሥሩን ክዳን አስከፍቱና እዩ። የሚሽከረከረው ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ? ሻጩ አልከፍትም ካለ ሌላ ሻጭ አለ።

«ዋቱ ከበዛ ጂንስ አያቅተውም»

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ሰው ቁጥር ሲያይ ያምናል።

የቤት ማሽን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 ዋት ነው። ይህ ቁጥር ግን ሞተሩ ከመብራት የሚስበውን ነው የሚነግራችሁ፣ መርፌው ጫፍ ላይ የሚደርሰውን አይደለም። በተለይ በዝግታ ስትሰፉ ከዚያ ሁሉ ዋት መርፌው ጋ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ጂንስ ላይ ደግሞ ከባዱ ቦታ ሁልጊዜ በዝግታ የሚሰፋው ቦታ ነው። ፔዳሉን ቀስ አድርጋችሁ ስትጫኑ ሞተሩ እምምም ይላል፣ መርፌው አይወርድም። ጠንከር ስታደርጉት ደግሞ ድንገት ተፈትልኮ ሦስት አራት ስፌት ይሄድባችኋል።

ጉልበቱ ኖረ እንበል። አሁንም አልጨረስንም። አንድ አሮጌ የጂንስ ሱሪ አምጡ። የእግሩን ጫፍ ያዙና የውስጥ ስፌቱ ከታችኛው እጥፋት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታችሁ ጨምቁት። እንደ ድንጋይ ነው አይደል? የጂንስ ስፌት ሁለቱ ጨርቆች እርስ በርስ ተቆላልፈው ስለሚሰፉ ስፌቱ ላይ ብቻ 4 ደርብ አለ። ሱሪው ሲያጥር ጫፉ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፣ ያ 4 ደርብ 3 ጊዜ ይነባበራል። 12 ደርብ ጂንስ ማለት ነው። ወፍራም የሱሪ ጂንስ 14 አውንስ ይባላል፣ በካሬ ሜትር 475 ግራም ገደማ ይመዝናል። የዚህ 12 ደርብ በመዶሻ ሳይመታ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች ጨርቁን ከላይ የሚጫነው እግራቸው ተነስቶ ከሥሩ የሚተርፈው ክፍተት 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዋቱ 90 ይሁን 900፣ ጨርቁ ከእግሩ ሥር ካልገባ አይሰፋም።

እሺ፣ በመዶሻ ቀጥቅጣችሁ አስገባችሁት። አሁን እግሩ ከሜዳው ተነስቶ ጉብታው ላይ ሊወጣ ነው። አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል። ጨርቁን እኩል መጫን ያቅተዋል። ጨርቁን ከሥር እየገፉ የሚያስኬዱት ጥርሶች የሚነኩት የታችኛውን ደርብ ብቻ ነው፤ ጥርሶቹ ይመላለሳሉ፣ ጨርቁ ግን ንቅንቅ አይልም። ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ይከመራል። ጀማሪ እዚህ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ጨርቁን ከኋላ ይጎትታል። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እያለ ሲጎተት ይታጠፋል። የታጠፈ መርፌ ሲወርድ ወይ ከሥሩ ያለውን የብረት ሳህን፣ ፕሌቱን፣ ይመታል ወይ መንጠቆውን። ጧ! መርፌውን የሚሰብረው በአብዛኛው ጂንሱ አይደለም፣ የሚጎትተው እጅ ነው።

ስፌት የሚዘለውም እዚሁ ጉብታ ላይ ነው። መርፌ እስከ ታች ወርዶ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ተመልሶ ሲነሳ፣ ክሩ ከጎኑ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከሥር የሚዞረው መንጠቆ ያችን ቀለበት ይይዝና ከታችኛው ክር ጋር ያቆላልፋታል። ስፌት ማለት ይኼው ነው። አሁን እግሩ ጨርቁን በደንብ ካልተጫነው፣ ጨርቁ መርፌው ላይ ተጣብቆ አብሮት ወደ ላይ ይነሳል። ቀለበቷ አትፈጠርም። መንጠቆው ባዶ ያልፋል። ዋት እዚህ ምንም አይረዳም። የሚረዳው የእግሩ ጫና፣ የእግሩ ከፍታና የጥርሶቹ አያያዝ ነው። ማሽን ስትገዙ መታየት ያለባቸው እነዚህ ናቸው፣ ጽሑፉ ግን አንዳቸውንም አላነሳም።

የመርፌ ቀዳዳውንም ጨምሩበት። ዚግዛግ የሚሰፋ የቤት ማሽን ፕሌቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ወደ ጎን የረዘመ ነው፣ መርፌው ግራና ቀኝ መሄድ ስላለበት። ወፍራም መርፌ ሸራ ላይ ሲወርድ ጨርቁን ወደዚያ ሰፊ ቀዳዳ ይዞት ይገባል። ቀጥታ ብቻ የሚሰፋ ማሽን ቀዳዳው ክብና ጠባብ ነው፣ ጨርቁን ከሥር ይደግፈዋል። 20 ዓይነት ጌጥ የሚሰፋው ማሽን ሸራ ላይ ቀጥታ ብቻ ከሚሰፋው ያነሰ የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

የቤት ማሽን ያላችሁ ሰዎች ግን ተስፋ አትቁረጡ። ጉብታውን ጨርቅ ጣል አድርጉበትና በመዶሻ ደብድቡት፣ በጣም ይሳሳል። እግሩ ሊወጣ ሲል አቁሙ፣ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ተዉት፣ እግሩን አንሱና ከኋላው በኩል የታጠፈ የጂንስ ቁራጭ አስገቡለት። እግሩ ሜዳ ላይ እንዳለ ይሆናል፣ አፍንጫው አይቀናም። ከዚያ በቀኝ ያለውን ጎማ በእጃችሁ እያዞራችሁ አምስት ስድስት ስፌት አሳልፉ። ለራስ ሱሪ ይህ በቂ ነው። በቀን 20 ሱሪ ለሚያሳጥር ሰው ግን አይሆንም።

«መርፌና ክር ካወፈራችሁ የቀረው በራሱ ይስተካከላል»

መርፌ መቀየሩ ልክ ነው። ለጂንስ በ80 ቁጥር መርፌ የሚሰፋ ሰው ችግር ይፈልጋል። መርፌ ላይ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፣ ለምሳሌ 100/16። 100 ማለት የመርፌው ውፍረት በሚሊሜትር መቶኛ ነው፣ ማለትም አንድ ሚሊሜትር። ለሱሪ ጂንስ 100/16፣ ለወፍራሙ 110/18 ጥሩ ነው። የጂንስ መርፌ ተብሎ የሚሸጠውን ካገኛችሁ ውሰዱ፣ ዘንጉ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይታጠፍም።

«የቀረው በራሱ ይስተካከላል» የሚለው ግን ስህተት ነው። መንጠቆው ከመርፌው ጎን እየተጠጋ እንዲያልፍ ተለክቶ የተቀመጠ ነው። የቤት ማሽን የተለካው ለመካከለኛ መርፌ ነው። በጣም ወፍራም መርፌ ስታስገቡ መንጠቆው መርፌውን መፋቅ ይጀምራል። መፋቅ የጀመረ መንጠቆ ጫፉ ይሻክርና ከዚያ በኋላ ስስ ጨርቅ ላይ እንኳ ክር ይበጥሳል።

ክሩንም ገበያ ላይ በምናገኘው ልናገር። ብዙው ሰው የሚሰፋበት ትልቁ ጥቅል ክር 40/2 ይባላል። ቁጥሩ ሲተልቅ ክሩ ይቀጥናል፤ 20/2 ከ40/2 እጥፍ ይወፍራል፣ 20/3 ደግሞ ሦስት እጥፍ። 40/2 ለሸሚዝ ነው፣ የሸራ ቦርሳ ማንጠልጠያ በእሱ ሰፍታችሁ ደንበኛ ሦስት ኪሎ ድንች ቢጭንበት ይተረተራል። 20/2ን የቤት ማሽንም፣ የእግር ሲንጀርም በ100 ወይም በ110 መርፌ ይሰፉታል። 20/3ን ግን የቤት ማሽን ላይ ስታስገቡ ክሩን የሚወጥረው ቴንሽን አይበቃውም፣ የመርፌው ዓይን ይጠበዋል፣ ከሥር እንደ ወፍ ጎጆ ይተበተባል። ጽሑፉ የላይኛውን ክር ብቻ አወፍሩ ይላል። የሥሩም አብሮ መወፈር አለበት። ያኔ የሥሩ ክር የሚጠቀለልበትን የቦቢኑን ቤት ትንሿን ብሎን ሩብ ዙር ያህል ማላላት ይፈልጋል። ከማላላታችሁ በፊት የብሎኗ መስመር የት እንደነበረ ምልክት አድርጉ፣ ለስስ ጨርቅ ትመልሷታላችሁና።

በረንዳ ላይ ለሚወጠር የሸራ ጥላ ናይሎን ክር አትጠቀሙ፣ ፖሊስተር ይሁን። ፀሐይ ናይሎኑን ቀድማ ትበላዋለች።

«የድሮ ሲንጀር ጊዜው አልፎበታል»

እዚህ ላይ ትንሽ ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅም። ሥራውን ያስተማሩኝ ሰውዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ብቻ እያለ የሚጠራቸው፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በአንድ የእግር ሲንጀር ነው። መርካቶ በረንዳ ላይ ሰልባጅ ጂንስ የሚያሳጥሩትን ሰፊዎች ሂዱና እዩ። ብዙዎቹ የሚረግጡት ያንኑ ጥቁሩን ማሽን ነው፣ ወይም በእሱ አምሳል ቻይና የተሠራውን ቢራቢሮ የሚባለውን ማሽን። ጊዜው ያለፈበት ማሽን ቢሆን ኖሮ ጠዋት ማታ እንጀራ የሚበላበት ሰው አይኖርም ነበር።

ስሜቱን እንተወውና ብረቱን እንይ። የሲንጀር 15ኬ እንውሰድ። «ኬ» የሚለው ፊደል ስኮትላንድ ክላይድባንክ ከነበረው የኪልቦዊ ፋብሪካ መውጣቱን ያሳያል፣ ፋብሪካው የተዘጋው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ሁሉም ነገሩ ብረት ነው። ቀጥታ ብቻ ይሰፋል፣ ስለዚህ የመርፌ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ከላይ ያልኩት ጥቅም አለው ማለት ነው። ከሥር ያለው ትልቁ የብረት ጎማ አንዴ ከዞረ የራሱን ኃይል ይዞ ይሄዳል፣ ጉብታ ሲያጋጥመው እንደ ትንሽ ሞተር አይቆምም። እግራችሁ ደግሞ ከሞተር የተሻለ ፍጥነት ይቆጣጠራል፤ አንድ ስፌት ብቻ ሰፍታችሁ ማቆም ትችላላችሁ። መርፌው ያው የቤት ማሽኑ ጎኑ ጠፍጣፋ መርፌ ነው፣ የትም ይገኛል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራ አይቆምም። አዲስ አበባ ውስጥ ትዕዛዝ ተቀብሎ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁሉንም ይችላል አልልም። እግሩ ብዙ አይነሳም፣ 12 ደርቡን እዚያም ላይ በመዶሻ መምታት ያስፈልጋል። በ20/3 ክር የሚሰፋ ወፍራም ሻንጣ ላይ ይደክማል። ዚግዛግ የለውም። አሮጌ ሲንጀር ስትገዙም ሁሉንም አትመኑ። ቦቢኑ ክብ ነው ወይስ ረጅምና ቀጭን? ረጅም ከሆነና እንደ ጀልባ ያለ ማመላለሻ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ያ ከ15ኬ የተለየ የድሮ ዓይነት ነው፤ ማመላለሻው ቢጠፋ ወይ ቢያረጅ ምትኩን ማግኘት ከባድ ነው። ጎማውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፣ የሚይዝ ቦታ ካለ ተዉት። መርፌ የሚይዘውን ዘንግ በጣታችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት፣ ከተወዛወዘ አልቋል። ቺንጋው ቢበጠስ አያሳስብ፣ ርካሽ ነው።

«የፋብሪካ ማሽን ይፈጥናል፣ መብራት ይበላል»

ይህ ድሮ እውነት ነበር። አሁን የሚወሰነው በሞተሩ ዓይነት ነው። የድሮው የፋብሪካ ሞተር ክላች ይባላል። ማብሪያውን ስትጫኑ ጀምሮ ሰፋችሁም አልሰፋችሁም ይዞራል፣ ይጮኻል። ብዙ ጊዜ በደቂቃ 2850 ዙር ነው። እግራችሁን ትንሽ ስታሳርፉበት ማሽኑ ይፈተለካል። ጸሐፊው ያየው ይህንን ከሆነ መፍራቱ ትክክል ነው። ሰርቮ የሚባለው ሞተር ግን የሚሠራው ፔዳሉን ስትጫኑ ብቻ ነው። አይጮኽም። ከፍተኛ ፍጥነቱን በእጃችሁ ትወስኑታላችሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ዝቅ አድርጉት፣ እንደ ኤሊ ይሄድላችኋል። ሞተሩ ላይ ያለውን የቺንጋ መዘውር በትንሽ ስትቀይሩት ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ማንኛውም የማሽን መካኒክ ያውቀዋል።

ያገለገለ የፋብሪካ ማሽን ስትገዙ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። 380 ቮልት የሚል ሦስት ፌዝ ሞተር ከሆነ ቤታችሁ አይሠራም። 220 የሚል ይሁን። ይህን ሳያዩ ገዝተው፣ ማሽኑን በታክሲ ጭነው ቤት ካደረሱ በኋላ ያወቁ ሰዎች አሉ።

በሌላ በኩል «የፋብሪካ ማሽን ነውና ሸራ አያቅተውም» የሚሉ አሉ፣ እነሱም ልክ አይደሉም። በየጋርመንቱ የሚታየው ጁኪ ዲዲኤል-8700 በደቂቃ እስከ 5500 ስፌት ይመታል፣ የተሠራው ግን ለሸሚዝና ለመካከለኛ ጨርቅ ነው። ለወፍራም ጨርቅ የተሠራው ወንድሙ መጨረሻው ላይ «ኤች» የሚል ፊደል ያለበት ነው። ከውጭ ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው፣ መንጠቆውና ጥርሱ ግን ይለያያል። ሻጩን «ኤች ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ራሳችሁ አንብቡ። መርፌው ዲቢ-1 የሚባለው ክብ ዘንግ ያለው ነው፣ የቤት ማሽን መርፌ አይገባበትም።

ሥራችሁ በዋናነት ወፍራም ሸራ፣ ሻንጣ፣ ድንኳን፣ ቆዳ የተቀላቀለበት ቦርሳ ከሆነ ግን ኤችም አይበቃችሁም። እግሩ አብሮ የሚራመድ ማሽን ነው የሚያስፈልጋችሁ። በዚህ ማሽን ላይ ጥርሱ ከሥር፣ እግሩ ከላይ፣ መርፌው ደግሞ ጨርቁ ውስጥ እንዳለ ሦስቱም አንድ ላይ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። የላይኛው ደርብ ከታችኛው አይቀድምም፣ አይቀርምም። ጉብታው ሲመጣ እግሩ እንደ ሰው ተራምዶ ይወጣዋል። ጁኪ ዲኤንዩ-1541 አንዱ ነው። በደቂቃ 2500 ስፌት ብቻ ነው የሚመታው፣ ከ8700ው ግማሽ አይሞላም። ፍጥነቱ ግማሽ የማይሞላው ማሽን ሸራ ላይ የትና የት ይበልጠዋል። በአንድ ስፌት እስከ 9 ሚሊሜትር ይሄዳል፣ በጉልበታችሁ የሚገፋውን ማንሻ ስትገፉ እግሩ እስከ 16 ሚሊሜትር ይነሳል። ያ የ12 ደርብ ጉብታ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተነባብሮ ሊገባ ምንም አይቀረው።

ዋጋ አልጽፍም። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ከተተመነ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። እግሩ የሚራመደው ውድ እንደሆነ ግን ልንገራችሁ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ምን እንደምትሰፉ ቁርጥ አድርጋችሁ እወቁ የምለው። ለሱሪ ማሳጠርና ለሽርጥ የእግር ሲንጀር ይዛችሁ ጀምሩ፣ አትከስሩም። የጂንስ ጃኬትና መካከለኛ የሸራ ቦርሳ ከሆነ ኤች ከሰርቮ ጋር። ሻንጣና ድንኳን ከሆነ ግን ብሩ እስኪሞላ ጠብቁ፣ መሐል ላይ ያለ ማሽን ገዝታችሁ አትቃጠሉ።

«ሻጩ በሚሰጣችሁ ቁራጭ ሞክሩ»

ሞክሩ የሚለው ትክክል ነው። ጸሐፊውን በዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ሳይሞክር የሚገዛ ብዙ ሰው አለ። በሻጩ ቁራጭ ግን አይደለም። ሻጩ ሁልጊዜ የሚያቀብላችሁ ሁለት ደርብ ቴትሮን ነው። ሁለት ደርብ ቴትሮን የማይሰፋ ማሽን የለም።

ለልጅቷ ከሱቄ የአሮጌ ሱሪ እግር ቆርጬ ሰጠኋት፣ ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፌ በስፒል ይዤ። የቦርሳ ማንጠልጠያ የሚሆን አራት ደርብ ሸራም ጨመርኩላት። 20/2 ክርና ሁለት ዓይነት መርፌ በትንሽ ላስቲክ ያዘች። «በዚህ ጉብታ ላይ ቀስ ብለሽ አሳልፊው፣ እንዳትጎትቺ። ሲያልፍ ጀርባውን አዙረሽ እይ፤ ስህተት ካለ የሚታየው ከሥር ነው» አልኳት።

ሰኞ መርካቶ ሄደች። የመጀመሪያው ሻጭ ሱሪውን ሲያይ «በዚህ አይሞከርም፣ ትሰብሪብኛለሽ» አላት። ሁለተኛው ፈቀደ። ሄቪ ዲዩቲ የሚል የተጻፈበት አዲስ ማሽን ነበር። ጉብታው ላይ ሲደርስ ቆመ፣ በእጇ ስታዞረው አራት ስፌት ዘለለ። ሦስተኛው ያገለገለ ኤች ነው፣ ከሥሩ 220 ሰርቮ የታሰረለት። ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ። ድምጿ ከገበያው ጫጫታ ጋር ተደባልቆ በደንብ አይሰማኝም። «ጋሼ፣ አለፈ!» ትላለች። «ጀርባውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» አልኳት።

ላከችልኝ። አሳድጌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆጠርኩት። ጉብታው ላይ ያሉት ስፌቶች ከሜዳው ትንሽ አጠር ብለዋል። የዘለለ የለም።